ጨው ትሁን ፕሮቲን

ኮምጣጤ በሸተተኝ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ዓመት ይሆነኛል። ሰላጣ ላይ ጠብ ሲል እንኳ ይበቃል፤ ወዲያው እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ ውስጥ ከትምህርት በኋላ የምንሠለጥንበት ክፍል ይመጣብኛል፤ የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ፣ ጠረጴዛው ላይ የሚያርፈው የከሰዓት ፀሐይ፣ በመስኮቱ ማዶ ካርሜ ጋት የሚባለውን አዲስ ሰፈር የሚገነቡት ክሬኖች።

ሥራችን የፕሮቲን ክሪስታል ማብቀል ነበር። አሠልጣኛችን ከሩሲያ የመጣች፣ ሳቅ የማያልቅባት ወጣት ነበረች። ከእንቁላል ነጭ የወጣውን ፕሮቲን ከጨውና ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሚል ፈሳሽ ጋር ቀላቅለን፣ ጠብታዋን ስስ መስታወት ላይ እናሳርፋለን። መስታወቱን ገልብጠን ያው ፈሳሽ ባለበት የፕላስቲክ ሣህን ትንሽ ጉድጓድ አፍ ላይ በቅባት እናሽገዋለን። ጠብታዋ እንደተንጠለጠለች ውኃዋን ቀስ በቀስ ስታጣ፣ ፕሮቲኑ ተሰብስቦ መልክ ይይዛል። ካማረለት በኤክስሬይ ይታይና ቅርጹ ይታወቃል። ዋናው ነገር አለመነካካት ነበር፤ እሱ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንልኝም። ሄጄ እከፍታለሁ፣ ጠብታዬ ትደፈርሳለች።

«ተያት እንጂ!» ትለኛለች አሠልጣኛችን።

የሥልጠናው መዝጊያ ቀን፣ ወላጆች ከመምጣታቸው በፊት፣ በማይክሮስኮፑ ሳይ ጮኽኩ። አንዷ ጠብታዬ ውስጥ ጠርዟ የተሳለ፣ ብርሃን ሲያርፍባት የምታብረቀርቅ አንዲት ክሪስታል ተቀምጣለች! ሮጬ ወጥቼ አባቴ ጋ ደወልኩ። አባቴ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ፋብሪካ፣ እሳቸው በዕብራይስጥ «ሚፍዓል» በሚሉት፣ የሚሠሩ፣ ዕብራይስጡ ስለሚያስጨንቃቸው የተማርኩበትን ደጅ ረግጠው የማያውቁ ሰው ነበሩ።

«አባ፣ በቅላልኛለች! ይምጡና ይዩልኝ!»

«እውነትሽን ነው? መጣሁ፣ መጣሁ! ከሚፍዓል ስወጣ በቀጥታ ነው የምመጣ።»

ስመለስ አሠልጣኛችን መርፌ ይዛ ጠበቀችኝ።

«ጨው ልትሆን ትችላለች፤ ጨውም እንዲህ ያምራል» አለችኝ። «በመርፌ ጫን አድርጊያት። ጨው ከሆነች ቀጭ ብላ ትፈነጠራለች፤ ፕሮቲን ከሆነች በቀስታ ትፈርሳለች።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«ለዛሬ የለንም።»

ምን ልበላችሁ፣ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ካልነካኋት አባቴ ሙሉዋን ያዩዋታል፤ ግን ምን እንደሆነች ሳላውቅ ምን ብዬ አሳያቸዋለሁ? ያ ሁሉ ድካም ጨው ለማየት ይሁን? ነክቻት ፕሮቲን ብትሆን ደግሞ አለቀላት። መርፌውን አሳረፍኩ። ድምፅ አልሰማሁም። እንደ ረጋ ቅቤ ፈረሰች።

«ዮፊ! ግሩም! ፕሮቲን ነው!» ብላ አሠልጣኛችን አቅፋ አሽከረከረችኝ፤ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ዛሬ እንጀራዬ ይኸው ሥራ ነው፤ ያን ቀን እንደዘለልኩት ግን ዘልዬ አላውቅም።

አባቴ የደረሱት የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ጨብጠው ነበር። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ተሰባብሯል እኮ» አሉ።

«እኔ ነኝ የሰበርኳት፣ አባ። እውነተኛ መሆኗ የሚታወቀው ስትሰበር ነው።» እንባዬ መጣ።

ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ ሙሉዋን አይተሻታል?»

«አይቻታለሁ።»

«እንግዲያ አየናት» አሉኝ።

እንደገና ጎንበስ አሉና፣ ዘበኛው በሩን ሊዘጋ እስኪመጣ ድረስ ስብርባሪውን ሲያዩ ቆዩ። አሁን የሉም፤ ናፈቁኝ።