እናትነሽ ከሸዊት አልለይም ያለች ቀን

እናትነሽ የተወለደችው ሱዳን ውስጥ፣ ሀዋታ ነው፤ ወላጆቿ ሰሊጥ ሊያጭዱ ከመተማ ተሻግረው እዚያው የቀሩ ናቸው። አባቷ ሲሞት እናቷ እናኑ ወደ ቱነይድባ መጥታ እዚያ ካለው የስደተኞች ካምፕ በር ላይ ሻይ መሸጥ ጀመረች። ልጅቱ አማርኛውን ከእናቷ፣ ዓረብኛውን ከገበያ ለቅማ ስላደገች በሁለቱም ትለፈልፋለች።

በካምፑ ትምህርት ቤት ከሸዊት ጋር አንድ ወንበር ደረሳት። ሸዊት የትግራይን ጦርነት ሸሽታ የመጣች ዝምተኛ ልጅ ነች። አንዷ አትናገርም፣ ሌላዋ አታቆምም፤ እናም ተስማሙ። የሸዊት እናት ትዕበ ግን ነገሩን አልወደደችውም። በጦርነቱ ወንድሟን ያጣች ሴት ነች፤ አማርኛ አላውቅም ትላለች፤ በእናኑ ሻይ መሸጫ በኩል ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች።

ዘንድሮ መምህር ሃፍቱ ለወላጆች በዓል በስልኩ ፊልም ላንሳ ብሎ ተነሣ። ታሪኩ ጦርነት ስለለያያቸው ሁለት ተማሪዎች ነበር። ልጆቹ ተገኙ፤ ወታደር ጠፋ። በመጨረሻ ሱፊያን የሚባል ሱዳናዊ የራክሻ፣ የባጃጅ ማለት ነው፣ ሹፌር፣ ሆዱ የገፋ፣ ዝንብ የማይጎዳ ሰው፣ ኮት ተውሶ፣ ዱላውን እንደ ጠመንጃ አንግቦ መጣ።

«ሱፊያን ሸዊትን ይጎትታል፤ አንቺ ቆመሽ ታለቅሻለሽ» አላት ሃፍቱ እናትነሽን።

«ለምን እቆማለሁ?»

«ጦርነት ነዋ።»

«ቢሆንስ? እኔ አልቆምም።»

«ድርሰቱ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ድርሰቱን የጻፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ መምህር? ያስተካክሉት።»

ሃፍቱ አላስተካከለም። መጀመሪያ ሲቀረጽ ሁለቱም ልጆች ሳቁ። ቀጥሎ ሱፊያን ሸዊትን ጎተት አደረገና «ማሌሽ ያ ቢንቲ፣ አሳመምኩሽ?» አለ።

«ወታደር ይቅርታ አይጠይቅም» አለ ሃፍቱ ግንባሩን ይዞ።

እንደገና ሲጀመር ሱፊያን እውነትም ጮኸ። የሸዊት ፊት ተለወጠ፤ ይኼኛው ጩኸት ጨዋታ አልመሰላትም። «እናትነሽ!» አለች። እናትነሽ ሮጣ መሬት ላይ ዘፍ አለችና የወታደሩን እግር በሁለት እጇ አቀፈች። «ወይ ሁለታችንንም ውሰድ፣ ወይ ሂድ» አለችው በዓረብኛ። ሱፊያን እሷን እየጎተተ ሊራመድ ሞከረና በመቀመጫው ወደቀ። ሸዊት እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ መጣ። ሦስቱም አቧራው ላይ ተቀምጠው ሲንከተከቱ ሃፍቱ ስልኩ ባትሪ እስኪጨርስ ድረስ ቀረጸ። ፊልሙም እዚያው ላይ አለቀ።

በበዓሉ ቀን በክፍሉ ግድግዳ ላይ አንሶላ ተሰቅሎ ፊልሙ ታየ። ሱፊያን ሲወድቅ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ትዕበ ብቻ አልሳቀችም። ወደ ልጇ ጠጋ ብላ በትግርኛ «እግሩን የያዘችው ድርሰቱ ላይ ስላለ ነው?» አለቻት።

«የለም፤ ከራሷ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ትዕበ እናኑ ዘንድ መጥታ ተቀመጠች። እናኑ ተደናግጣ ንጹሑን ብርጭቆ ደግማ አጠበችው።

«ስኳሩን ምን ያህል ላድርግልዎ?»

«አንቺ እንደምትጠጪው» አለች ትዕበ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። ቀመሰችና «እንዲህ ስትጠጪ እስካሁን ጥርስሽ መትረፉ ይገርማል» ብላ ጨለጠችው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ትመጣለች። አንድ ቀን ስለ ወንድሟ ለእናኑ አጫወተቻት፤ እናኑም ሁለተኛ ብርጭቆ ቀዳችላት። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሁለቱ ወሬ ልጆቻቸው እንዴት እንዳስቸገሯቸው ነው።