ሁለት የሳምቡሳ ጠረጴዛና የቻይና ኢኮኖሚ

በዚህ ጉዳይ እጃቸው ያለበት አራት ሰዎች ናቸው። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ዕቃ ማመላለሻ መኪና እየነዳሁ የምኖር፣ የቤተ ክርስቲያናችን ልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ከስምንተኛ ክፍል በላይ ያለውን ትምህርት በሙሉ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በውሰት የተማርኩ ሰው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ብዙ አታወራም፤ ሳምቡሳዋን ግን በምንኖርበት በስካርቦሮ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ሦስተኛዋ ልጄ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ታጠናለች፤ የምታኮርፈው በእንግሊዝኛ ነው። አራተኛው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ከሰሙ ሳያስታርቁ ቤታቸው አይገቡም።

ነገሩ የተጀመረው ልጄ አንድ ሴሚስተር ሻንጋይ ሄዳ መማር እንደምትፈልግ የነገረችን ዕለት ነው። "አይሆንም" አልኩ። ምክንያት ስትጠይቀኝ ሦስት ሰጠኋት፤ ሩቅ ነው፣ ውድ ነው፣ አባትሽ ነኝ። ሦስተኛው ብቻውን ይበቃል ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ።

እሷ ግን የምታጠናው የቻይናን የመንግሥት ድርጅቶችና የግል ኩባንያዎች ፉክክር ስለነበር ክርክሩ ከአባትነት ወጥቶ ወደዚያ ገባ። በዚህም ቢሆን እኔ ባዶ አይደለሁም። መኪናዬ ውስጥ የማዳምጠው ዘፈን ሳይሆን ትምህርት ነው። ደግሞም በወጣትነቴ አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ጫማ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። በየወሩ ሳሙና ይሰጡን ነበር።

"አባዬ፣ ጫማውስ ጥሩ ነበር?" አለችኝ።

"ጠንካራ ነበር።"

"ሰው ይገዛው ነበር?"

"ሌላ ጫማ ስላልነበረ ይገዛው ነበር።"

"ኦኬ፣ ይኸው! ራስህ ተናገርከው።"

በትዕግሥት አስረዳኋት። ቻይና ትልልቁን ጨብጣ ትንንሹን ለቀቀች፤ መብራቱን፣ ነዳጁን፣ ባቡሩን፣ ባንኩን መንግሥት ያዘ፤ ልብስና መጫወቻውን ለነጋዴው ተወለት። ሥርዓት ማለት ይህ ነው አልኳት። እሷ ደግሞ የመንግሥቱ ድርጅት ከመንግሥት ባንክ እንደልቡ ሲበደር የግሉ ደጅ ይጠናል፤ እንደዚያም ሆኖ ለብዙ ሰው ሥራ የሚፈጥረው የግሉ ነው አለች። "ከታች ያሉት ተፎካክረው ሲለፉ፣ ከላይ የተቀመጠው መብራቱንና ነዳጁን እየሸጠላቸው ትርፉን ይወስዳል" ስትል፣ "ከላይ የተቀመጠው" የሚለው ላይ እኔን ያየችኝ መሰለኝ።

"እንግዲያው እንሞክረው" አለች በመጨረሻ። የቤተ ክርስቲያናችን የሰመር ፒክኒክ ደርሶ ነበር። እዚያ ምግብ መሸጥ የሚችለው የልማት ኮሚቴው ብቻ ነው፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለዚያ ቀን ብቻ ፈቀድኩላት። እኔ ለቤተ ክርስቲያን፣ እሷ ለጉዞዋ፣ እኩል ሳምቡሳ ይዘን ልንወጣ ተስማማን።

"ካሸነፍኩ ሻንጋይ እሄዳለሁ?" አለች።

"ሳምቡሳውን ቀድሞ የጨረሰ ይወስናል" አልኩ። ይህን ስል ባለቤቴ ሰሃን እያጠበች ነበር።

በቤታችን ባንኩ ባለቤቴ ናት። መነሻ ገንዘብ ስጠይቃት ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ ሰጠችኝ። ልጄ ስትጠይቃት ግን እጇን አጣምራ ተቀመጠች።

"ካልተሸጠልሽስ? ባለፈው የገዛሽው ጊታር የት ደረሰ?"

"ማሚ፣ አባዬን ለምን አልጠየቅሽውም?"

"እሱ ቢከስር የት ይሄዳል? እዚሁ ነው።"

ልጄ "ይሄን የጥናት ፔፐሬ ላይ እጽፈዋለሁ" አለች። ግማሹን ብቻ አገኘች፤ የቀረውን ካፌ ሠርታ ካጠራቀመችው ሞላችው።

ከዚያ በኋላ ነው ሁለታችንም ያላሰብነው ነገር የመጣው። ሳምቡሳውን ማን ይጠብሰዋል? እኔም ልጄም በልባችን "እሷ አለች" ብለን ነበር። እሷም አለች፤ ግን ዋጋ ይዛ ጠበቀችን።

"ለሁለታችሁም እሠራለሁ፤ ዋጋው እኩል ነው" አለች።

"ኧረ ለቤተ ክርስቲያን ነው እኮ!" አልኳት።

"ለቤተ ክርስቲያን አሥራቴን እሰጣለሁ። ለኮሚቴህ ምስር በነጻ ቀቅይ የሚል ጥቅስ ካለ አሳየኝ።"

ፈለግኩ። አላገኘሁም። ከእሷ በተበደርነው ገንዘብ ከእሷው ገዛን።

ቅዳሜ ጠዋት ፓርኩ ስንደርስ የኮሚቴውን ጠረጴዛ ከትልቁ ዛፍ ጥላ ሥር አደረግኩ፤ ለልጄ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ መደብኩላት። ቦታ መመደብ የኮሚቴው ሥልጣን ስለሆነ ያደረግኩት አግባብ ነው።

የመጀመሪያዋ ገዢ ከመዘምራኑ አንዷ ነበረች። ከእኔ አንድ ገዝታ ነከስ አደረገችና ወደ ልጄ አየች። "ውይ፣ ልጅቷ ቅር ይላታል" ብላ ሄዳ ከእሷም ገዛች። ቀጥሎ የመጣው ወጣት ከልጄ ገዝቶ ሲያበቃ እኔ ዘንድ መጣ። "ጋሼ፣ እርስዎን አልፌ ብሄድ ምን ይሉኛል?" አለኝ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው ሁሉ እንደዚሁ አደረገ። ከአንዳችን ብቻ ገዝቶ ለመሄድ የደፈረ ሰው ጠፋ።

ዋጋ ቀነስኩ። "ለቤተ ክርስቲያን ዋጋ አላስቀንስም" እያሉ የቀድሞውን ከፈሉኝ። ልጄም ቀነሰች፤ "ለተማሪማ ይጨመራል እንጂ" ብለው ጨመሩላት። የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ፋብሪካዎች ዋጋ እየሰበሩ እንደሚጎዳዱ አዳምጫለሁ። የእኛ ሰው ደንበኛቸው ቢሆን አንዳቸውም ባልተጎዱ ነበር።

ልጄ በዚህ ተስፋ አልቆረጠችም። ሳምቡሳውን በትሪ ይዛ፣ ዳጣ ጨምራበት፣ ቮሊቦል ወደሚጫወቱት ሄደች፤ ካሽ ያልያዘውን በስልኩ ታስከፍለዋለች።

"ከተመደበልሽ ቦታ መውጣት ክልክል ነው!" አልኳት ከሩቅ።

"የትኛው ደንብ ላይ ነው?"

ደንቡ ላይ አልነበረም። ሳወጣው ሳምቡሳ ከጠረጴዛ ተነስቶ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም። ደግነቱ ከእሷ የገዙት ተጫዋቾች ላባቸውን እየጠረጉ፣ ኪሳቸውን እየዳበሱ፣ አንድ በአንድ ወደ እኔ መጡ።

ከሰዓት በኋላ በእኔም በእሷም ዘንድ አንድ አንድ ትሪ ቀረ። እሷ "ጥላውን ስለያዝክ ነው" አለች፤ እኔ "አንቺ ሥርዓት ስለሌለሽ ነው" አልኩ። ድምፃችን ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተነሱ።

"ልጄ፣ አባትሽ ነው። ወንድም፣ ልጅህ ናት። በአንድ ቤት ሁለት ጠረጴዛ ምን ይሠራል? በሉ አንድ አድርጉት" አሉ።

ልጄ ሳቋን መያዝ አቃታት። "አባዬ፣ ይሄ እኮ ራሱ ቻይና ነው! የመንግሥት ድርጅቶች እርስ በርስ ሲሻሙ አዋህደው አንድ ያደርጓቸዋል።"

ሽማግሌን እምቢ አይባልም። ጠረጴዛዎቹን ገጠምናቸው፤ ትሪዎቹን ጎን ለጎን አስቀመጥን፤ ሽማግሌው ጸለዩልን። ገበያው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቀዘቀዘ። ጠረጴዛው ሁለት ሳለ ሰው ሁሉ ከሁለታችንም ይገዛ ነበር፤ አንድ ሲሆን የሚቀየም ሰው ስለሌለ የገዛው ሁሉ "እኛ በልተናል" እያለ ያልፈን ጀመር። ዘግይቶ የመጣውም አንድ ብቻ ገዝቶ ሄደ። ሰው ምንጣፉን እየጠቀለለ መሄድ ሲጀምር በሁለቱም ትሪዎች ላይ ሳምቡሳ ነበር።

"ማንም አልጨረሰም" አልኩ። "ስለዚህ የበፊቱ ቃል ይጸናል። አትሄጂም።"

ልጄ ጎንበስ ብላ የጠረጴዛውን እግር ማጠፍ ጀመረች። በእንግሊዝኛም አላኮረፈችም። እንዲህ ሆና አይቻት ስለማላውቅ እኔም ጎንበስ ብዬ የሌላኛውን ጠረጴዛ እግር ማጠፍ ጀመርኩ።

ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ከታጣፊ ወንበሯ አልተነሳችም ነበር። "ቀድሞ የጨረሰ ይወስናል ያልከው አንተ አይደለህም?" አለችኝ።

"ነኝ። ግን ማንም አልጨረሰም።"

"እኔ ጨርሻለሁ። ዛሬ ጠዋት ገና ከቤት ሳትወጡ ለሁለታችሁም ሸጬ አንድም አልቀረኝም።"

ሽማግሌው የሚያኝኩትን ሳምቡሳ ዋጡና "እውነቷን ነው" አሉ።

"ትሄዳለች" አለች ባለቤቴ፤ ወንበሯን አጠፈች። ልጄ ዘላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ልጄን ያሳደግኳት ቃልሽን አክብሪ እያልኩ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጠረጴዛ ተሸክሜ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ልጄ ስለ ቻይና ስታስረዳኝ ከላይ የተቀመጠው እኔ መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር። ከላይ የተቀመጠችው እናቷ ነበረች። ለሌሎች አባቶች የምመክረው ይህንን ነው፤ በቤታችሁ ደንብ ስታወጡ ሰሃን የሚያጥበው ማን እንደሆነ ዞር ብላችሁ እዩ።

የተረፈውን ሳምቡሳ እስኪሰለቸን በላነው። ልጄን አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘናት እኔና እናቷ ነን። ፍተሻውን አልፋ ከዓይናችን ከተሰወረች በኋላ ባለቤቴ "እንሂድ፣ ፓርኪንጉ እየቆጠረ ነው" አለችኝ። "አውሮፕላኑ ይነሳ" አልኳት። ሊነሳ ገና ብዙ ሰዓት ነበረው። እሷም አልተከራከረችኝም፤ አጠገቤ ቁጭ አለች። ምስሩና ዘይቱ፣ ቪዛውና ቲኬቱ፣ የእኔ ግትርነት ያመጣው ፓርኪንግም ተደምሮ፣ ነገሩ ሁላችንንም ያስወጣን ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ዶላር ነው።