የአባባ ሚሪንዳ

ልጅ ሳለሁ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ የእናቴ አባት ሆዳቸውን ታመው ለሕክምና ከበየዳ ገጠር ወደ ደባርቅ ከተማ መጡና ክረምቱን እኛ ዘንድ ከረሙ። ያኔ ማታ ማታ መብራት ይጠፋ ስለነበር አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከከሰል ምድጃው አጠገብ ይቀመጡና፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ድረስ የጅብና የዝንጀሮ ተረት ይነግሩኝ ነበር።

የታመመ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይገባም፤ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። እኛ የከተማ ልጆች «ለስላሳ» እንለዋለን። ዛሪማ የሚመላለሰው ሹፌሩ አጎቴ ጥቁሩንም ቢጫውንም «ኮካ» ይላል። ለአባባ ግን ቀለሙ ምንም ይሁን ምን ሁሉም «ሚሪንዳ» ነበር። ሲከፈትላቸው እንደ ጠላ ቀጂ መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሱና «እንኪ፣ ደግ ነው» ብለው ለእኔ ይሰጡኛል። ለራሳቸው የምትተርፋቸው ያችው የመዳፍ ጠብታ ናት።

አንድ ምሽት አስተማሪዬ ከባልደረቦቿ ጋር ልትጠይቃቸው መጥታ ሳለ፣ አባባ ጥቁሩን ጠርሙስ አንስተው «ይችን ሚሪንዳ ክፈቱልኝ» አሉ። አፈርኩባቸው።

«አባባ ደግሞ! እንዲህ የሚለው እኮ የገጠር ሰው ነው!» አልኩ።

እንግዶቹ ሳቁ። አባባም ፈገግ አሉ፤ ጠርሙሱን ግን ሳይከፈት መልሰው አስቀመጡት። እንግዶቹ ሲሄዱ ተረት ብጠይቃቸው «የገጠር ሰው ተረት ምን ያደርግልሻል፣ ልጄ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና መመለሻው ጠፋኝ።

ሦስት ምሽት ያለ ተረት አለፈ። በአራተኛው ቀን እናቴ ለአባባ ለስላሳ እንድገዛ ሱቅ ላከችኝ። የክፍሌ ልጆች በሩን ሞልተውት ነበር። ጮክ ብዬ «አንድ ሚሪንዳ፣ ጥቁሩን!» አልኩ።

«የየት አገር ሰው ነሽ አንቺ?» አለ ባለሱቁ።

«የበየዳ!» አልኩ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ጆሮዬ እየጋለ ጠርሙሱን አቅፌ ሮጥኩ።

ቤት ገብቼ አስከፈትኩና መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ።

«እንኩ አባባ፣ ሚሪንዳ ነው። ደግ ነው።»

 ከዚያ ተቀብለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ግማሹን ራሳቸው ጠጡ። ጋቢያቸውንም ገለጥ አድርገው ከጎናቸው አስጠጉኝና «ጅቡን የት አድርሰነው ነበር?» አሉ።

የዚያ ተረት መጨረሻ ዛሬ ጠፍቶብኛል። አባባም ካረፉ ቆዩ። አሁን ጎንደር ውስጥ ካፌ ተቀምጠን ለስላሳ ሲከፈት እኔ ሳላስበው መዳፌን እዘረጋለሁ፤ ልጄ ዙሪያውን እያየ «እማዬ፣ ሰው ያያል እኮ!» ይለኛል። አልቆጣውም። ግን ያኔ አባባን ምን እንደተሰማቸው፣ አሁን ነው በደንብ የገባኝ።