ማርቆስን ያለፍኩበት ሐሙስ

ከቢሮ ደክሞኝ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ተዘርግቻለሁ። ልጄ ስልኬን ከቦርሳዬ አውጥቶ ጌም ከፍቷል። ጠፈር ላይ የሚበር ሰው ነው፤ ጀርባው ላይ ያዘለው ሞተር እሳት ይተፋል፤ ነዳጁ ሊያልቅ ሲል ጢጥ ጢጥ ይላል። "እማዬ፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ ጌም ነበር እንዴ?" አለኝ። "ነበር" አልኩት። አላመነኝም፤ እኔም ለማስረዳት አቅሙ አልነበረኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ያንን ድምፅ ሳዳምጥ የጋሽ ኤርጃቦ ሱቅ ቤንዚን ሸተተኝ።

ጋሽ ኤርጃቦ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ሰዓት ሠሪ። ሆሳዕና ገበያ ጥግ ከቁም ሳጥን ብዙም የማትሰፋ የቆርቆሮ ሱቅ ነበረቻቸው። ግራ ዓይናቸው ላይ ማጉያ ሰክተው የሰዓት ጥርሶችን በቤንዚን ያጥባሉ። በገበያ ቀን ከሌሞና ከፎንቆ የሚመጡ ገበሬዎች "ሰዓቴ ታሟል" እያሉ ይሰጧቸዋል፤ እሳቸውም ሳይስቁ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያዳምጡታል።

እኔ ልጅ ሆኜ የማውቃት ጌም የልጃቸው የማርቆስ ነበረች። አባቱ ሰዓቱን የሠሩለት አንድ የአሰብ መስመር ሾፌር ያመጣለት፣ መዳፍ የምታክል፣ በሰዓት ባትሪ የምትሠራ። ከመርከባቸው ርቀው ጠፈር ላይ የቀሩ ሰዎችን አንድ ትንሽ ጥቁር ሰውዬ እየበረረ ይለቅማል። እኛ ጀርባው ላይ በርሜል አዝሎ የሚሄድ ሰው የምናውቀው የግብርና ሠራተኛውን ብቻ ነበር፤ ለስንዴ መድኃኒት የሚረጨውን። ስለዚህ "መድኃኒት ረጪው" አልነው። የሚወጣው እሳት ነው ብሎ ማርቆስ ቢምል ቢገዘት የሰማው የለም።

ከዚያ ማርቆስን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ጌሟ ጥግ ላይ የቀረው ተጫውቶ ያገኘው ትልቁ ቁጥሩ ነበር፦ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት። ባትሪው ከወጣ ይጠፋል። ሌላ ሰው ካለፈውም ይጠፋል።

ጋሽ ኤርጃቦ ራሳቸው መጫወት አይችሉም ነበር፤ አንድ ጣታቸው ሁለቱንም ቁልፍ ይጫናል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ይጠሩኛል። "ነይ እስቲ ተጫወቺባት፤ ድምፁን ልስማ። ብቻ ማርቆስን እንዳታልፊው።" እኔ በሩ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይሠራሉ። ቁጥሩ ስምንት መቶ ሲደርስ ሰውዬውን አውቄ እጥለዋለሁ። ማርቆስ አጠገባቸው እንዳለ እንዲሰማቸው ነበር የፈለጉት። ይህ የገባኝ ግን እኔም እናት ከሆንኩ በኋላ ነው።

አንድ ሐሙስ አለፍኩት። እጄ ስቶ ነው ብዬ ብዙ ጊዜ ለራሴ ዋሽቻለሁ፤ አሁን መዋሸቱም ደክሞኛል። አውቄ ነው። ሰውዬውን መጣሉ ሰልችቶኝ ነበር፣ እንደምችልም አውቅ ነበር። ድምፁ ከወትሮው ቦታ ሲያልፍ የጋሽ ኤርጃቦ ወረንጦ ቆመ። መጥተው ጌሟን ከእጄ ወስደው በማጉያቸው አዩዋት። ስምንት መቶ ሃያ። "ይሁን" አሉ። በሰዓት መጥረጊያ ጨርቅ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ከተቷት።

ሰኞ ጠዋት የማርቆስ መርዶ መጣ።

እህል አልወርድ አለኝ። እናቴ ወባ ነው ብላ ኪኒን አዋጠችኝ። እኔ ግን ማርቆስን የገደለው ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲቀንስ፣ አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ወደተቀመጡት ጋሽ ኤርጃቦ ሄጄ፣ "እኔ ነኝ የገደልኩት። ስላለፍኩት ነው" አልኳቸው።

ሰዓት ሊያሠራ የመጣ ሰው እንደሚጠይቁ አድርገው ጠየቁኝ።

"መቼ ነበር ያለፍሽው?"

"ሐሙስ።"

"ማርቆስ የሞተው ከሁለት ወር በፊት ነው። ወረቀቱ ላይ ቀኑ ተጽፏል። እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ ልጄ፤ የቱ እንደቀደመ፣ የቱ እንደተከተለ ለይቼ አውቃለሁ። በይ ፊትሽን ታጠቢና ሂጂ ብዪ።"

ሄጄ በላሁ። ሁለት ወር! ያን ቀን እንደዚያች ቃል ያለ ምግብ አልቀመስኩም። አድጌም የሆነ ጥፋት ሌሊት ሲቀሰቅሰኝ ጋሽ ኤርጃቦ ይመጡና የቱ እንደቀደመ ያስቆጥሩኛል።

እሳቸውም ጊዜያቸው ደርሶ አረፉ። እኔ ቢሮ ሠራተኛ ስለሆንኩ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ወረቀቶቻቸውን እንዳይላቸው ጠሩኝ። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጌሟ በዚያው ጨርቅ እንደተጠቀለለች ነበረች፤ መስታወቷ ባዶ። ከሥሯ አራት ቦታ የታጠፈ የመርዶው ወረቀት። ስም፣ የአባት ስም፣ በግዳጅ ላይ ሳለ መሰዋቱ፣ ማኅተም። ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩ። ገለበጥኩት። የሞተበት ቀን አልተጻፈበትም።

"ምን ይላል?" አሉኝ እትዬ አልማዝ።

"የሚያውቁትን ነው" አልኳቸው። ጌሟን ለኔ ሰጡኝ። ባትሪዋን አልቀየርኩም።

ልጃቸው መቼ እንደሞተ ጋሽ ኤርጃቦ አያውቁም ነበር። ሁለቱን ወር በለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ እዚያው አግዳሚው ላይ፣ ለእኔ ነው የፈጠሩት።