የሁለቱ እህቶች መጨረሻ

ልጄ ስልኬ ላይ ያን የድሮ የቤተሰብ ድራማ አግኝታ ከፍታው፣ የመግቢያው ዋሽንት ሲሰማ፣ የሐጂ አወል ሳሎን፣ በሩ ላይ ካለው የጫማ ክምር ጋር፣ ፊቴ ድቅን አለ። በደርግ ጊዜ በእኛ ሰፈር፣ በበቾ ቦሬ፣ ቴሌቪዥን የነበራቸው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ እሁድ መሸት ሲል ምንጣፋቸው ላይ ተጠጋግተን የሁለት የተጣሉ እህቶችን ታሪክ እንከታተል ነበር።

ክረምቱን ሙሉ እማዬን አንድም ክፍል አላመለጣትም። እሷም የቡ ከተማ ከምትኖረው ታላቅ እህቷ ከአክስቴ ዘይነባ ጋር ተኮራርፋ ነበር፤ የተጣሉት በአያቴ የቡና መሬት ሲሆን፣ መሬቱን ግን መንግሥት ከወረሰው ቆይቶ ነበር። እነሱ በሌላቸው መሬት ተጣልተው፣ እኔ አክስቴ ቤት እንዳልሄድ ተከለከልኩ። በጣም ትናፍቀኝ ነበር።

ድራማው ያለቀው የቡና ለቀማ ሲደርስ ነው። የዚያን እሁድ ቀበሌው እማዬን ለስብሰባ ስለጠራት፣ «በደንብ አይተሽ ትነግሪኛለሽ» ብላኝ እያጉረመረመች ሄደች። ታናሺቱ የታላቋን በር ስታንኳኳ መብራት ድርግም አለ። ሐጂ «ላ ሐውለ!» ብለው ተነሡ፣ እኛም ጫማችንን በዳበሳ ፈልገን ተበተንን።

እማዬ መጥታ ኩራዙን ለኮሰችና «ታረቁ?» አለችኝ።

«ታረቁ። ተቃቅፈው አለቀሱ።»

«ማን ቀደመች?»

«ታናሺቱ» አልኩ፤ እማዬ ታናሽ ናትና።

በማግስቱ በራሽን ያገኘነውን ስኳር በሙሉ ቋጥራ፣ እኔን አስከትላ፣ በጭነት መኪና ተሳፍረን የቡ ገባን። ቡና ታሰጣ የነበረችው አክስቴ ቀና ብላ አየቻትና «ኮቱ፣ ነይ፣ ግቢ እንጂ! ምን ይገትርሻል?» አለቻት።

ትናንት ድራማውን እስከ መጨረሻው አየሁት። የሀብታሞቹ ቤት ግድግዳ በር በተዘጋ ቁጥር ይነቃነቃል። ያኔ የረገምናት አማትም ክፉ ሳትሆን ደክሟት ኖሯል፤ ይህ የገባኝ ዕድሜዋ ላይ ስደርስ ነው። እህቶቹ ግን አልታረቁም፤ ታላቋ በሩን ሳትከፍት ያልቃል።

ቆይቶ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው ለሰፈሩ ሁሉ ነበር፤ የቀበሌው አዳራሽም ድራማው ገና ሳያልቅ ጨልሞ፣ እማዬ በጨለማ ነው የመጣችው። መጨረሻውን እንዳላየሁ ታውቅ ነበር።

ዛሬ እሷም አክስቴም የሉም። እኔና እህቴ በእማዬ ቤት ውርስ ከተኮራረፍን ሁለት ዓመት ሆነን። እማዬ ውሸት መሆኑን እያወቀች፣ አቧራ ለብሳ፣ የቡ ድረስ ሄደች፤ እኔ ባጃጅ በደጄ እያለፈ፣ እዚሁ ከተማ፣ እህቴ ያለችበት ኪቶ ፉርዲሳ መድረስ ደከመኝ።