መልካው ባዶ የዋለበት ቀን

ጉያቱን የሚያውቋት ሁሉ እንግዳ ስትቀበል አቻ እንደሌላት ይመሰክሩላታል። ቁጣዋም አቻ የለውም፤ ይህን ግን የሚናገሩት እሷ በሌለችበት ነው። ባሏ በወባ ሞቶ ሴት ልጆቿንና ጥቂት ከብት ይዛ ስትቀር፣ የባሏ ወንድም «ከብቱን እኔ ልያዝልሽ» ቢላት «ከብቱም እግር አለው፣ እኔም እግር አለኝ» ብላ መለሰችው። ከዚያ ወዲህ ልጆቿን ድራ፣ ላሞቿን አርብታ፣ ቅቤዋን በአህያም በመኪናም ነጌሌ ገበያ እየላከች፣ የማንንም ደጅ ሳትጠና ኖረች።

ቤቷ በሊበን ቆላ፣ ዳዋ ወንዝ አጠገብ፣ መልካ ሀርቡ በሚባለው ቦታ ነው። መልካ የሚሉት ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበትን ገር ዳርቻ ነው። ዳዋ በዚያ በኩል ገደል ለገደል ስለሚሄድ ሌላ መውረጃ ለማግኘት ረጅም መንገድ መንዳት ያስፈልጋል፤ በበጋ የከሳ ከብት ደግሞ ያን አይችለውም፣ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መልካ ሀርቡ ላይ ወረፋ እንጂ ክልከላ የለም። የቅርቡም የሩቁም፣ ወዳጁም የተኳረፈውም ተራውን ጠብቆ ያጠጣል። አባቶች እንዲህ ደንግገው ነው ያለፉት፤ ጉያቱም ሌላ አታውቅም።

በ1961 ዓ.ም. በጋ ላይ ሻምበል ቢረሳው የሚባሉ ጡረተኛ መኮንን ያን ዳርቻ አጥረው፣ የውሃ ሞተር ተክለው፣ ሙዝና ብርቱካን ለማልማት ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት አመለከቱ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቦታው ጌታ የሌለው መስሏቸው ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመረምር ኮሚቴ ነበርና፣ ኮሚቴው ወርዶ ቦታውን በዓይኑ እንደሚያይ ቀኑን ቆርጦ ላከ።

የመልካው ሽማግሌ ዳዳቻ ሰዉን ሰብስበው መልእክቱን ሲነግሩ፣ ከሁሉ ቀድማ የተነሳችው ጉያቱ ነበረች።

«የመንግሥት እንግዳ በእበትና በአቧራ ልንቀበል ነው? ሰው ምን ይለናል? ያን ቀን ከብቱ ዳገት ላይ ይዋል፤ እንግዶቹ ሲሄዱ ይጠጣል!»

ሁሉም «ኤ፣ እውነቷን ነው» አለ። ሴቶቹ ዳርቻውን በቅጠል ጠረጉ፤ እበቱን አንስተው የኮቴውን ዱካ ሳይቀር አስተካከሉ። ወንዶቹ ለምለም ቅርንጫፍ ቆርጠው ዳስ ጣሉ። ከብቱ ከዳገቱ ላይ ውሃው እየሸተተው ሲጮህ ዋለ፤ እረኞቹ በዱላ ያዙት። ለፍርድ ተጠርቶ ምስክሮቹን ደብቆ የሚጠብቅ ሰው ከእነዚህ ሌላ የት ይገኛል? ግን ክብር የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው፤ እኔስ ምን ልበል!

የኮሚቴው ሰብሳቢ ግራዝማች ተክሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር መጡ። ጉያቱ ያረደችውን ሙክት በሉ፣ ወተቱን ጠጡ፣ ጥርግርግ ያለውን ዳርቻ ከላይ እስከ ታች ተመላለሱበት። ኮቴ የለ፣ እበት የለ። ገና ከመኪናቸው ሲወርዱ «ሰላም ነው? ችግር አለ?» ብለው ዳዳቻን ጠይቀው ነበር። ዳዳቻም «ናጋ፣ ሰላም ነው፤ ችግር የለም» ብለው ነበር። እንግዳ ሳይበላ ብሶት አይነገረውም፤ ነውር ነው። ከበላ በኋላ ደግሞ እንግዶቹ ቸኮሉ። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሲሄድ ጉያቱ ደስ ብሏት እጇን አውለበለበች።

ሀሺ፣ ከነጌሌ ስኳርና ጨርቅ በመኪናው እያመጣ ቅቤና ቆዳ የሚጭነው ነጋዴ፣ ወሩ ሳያልቅ ወሬውን ይዞ መጣ።

«አዮ ጉያቱ፣ እናቴ፣ ምን ነክቷችሁ ነው? ቦታው ባዶ ነው፣ ሰውም ከብትም አይደርስበትም ተብሎ ተወሰነ እኮ! የቀረው የገዥው ፊርማ ነው። የአጥሩ ሽቦ ክብረ መንግሥት ደርሷል ይላሉ።»

የጉያቱ ደም ፈላ። መጀመሪያ በሻምበሉ፣ ቀጥሎ በኮሚቴው ተቆጣች፤ ከዚያ ቁጣው ዞሮ ራሷ ላይ ዐረፈና አቃጠላት። አስጠራጊዋ እሷ ነች። ዳዳቻ ዘንድ ሄዳ «ተመለሱና እንደገና እዩ እንበላቸው» አለች።

«አይቶ የሄደ እንግዳ እንዴት ተመለስ ይባላል?» አሉ ዳዳቻ። «ያሳፍራል።»

«እፍረቱን እኔ እችለዋለሁ። ከብቱ ግን ጥሙን አይችለውም» ብላ በነጋታው የሀሺ መኪና ላይ ወጣች፤ ከቆዳው ክምር ላይ ተቀምጣ ነጌሌ ገባች።

ያረፈችው ጦር ሰፈሩ አጠገብ፣ የቅቤ ደንበኛዋ በሆነች በዛብሽ በምትባል የወታደር ሚስት ቤት ነው። በዛብሽ ነገሩን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ወይ ጉዴ! እኛስ ብንሆን? ጄኔራል ሊጎበኝ ሲመጣ ድንጋዩ ሳይቀር ኖራ ይቀባል። ልጆቻችንን ድምፃቸው እንዳይሰማ ጓዳ እንከታቸዋለን። ታዲያ ጄኔራሉ እዚህ ሰፈር ልጅ አይወለድም ብሎ ይሄዳል?»

ጉያቱ አልሳቀችም፤ ነገሩን ግን ያዘችው።

የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ «ጉዳይሽ አልቋል» ብሎ መለሳት። ከበሩ ማዶ ተቀመጠች። በማግስቱም እዚያው ተቀመጠች። ፀሐይ ሲበረታ ነጠላዋን አናቷ ላይ ትጥላለች እንጂ አትነሳም። ዘበኛው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ለመነ፣ በመጨረሻ ጠዋት ጠዋት ሰላም ይላት ጀመር። ግራዝማች ተክሉ በመኪና ሲገቡና ሲወጡ አላዩዋትም። አንድ ቀን ግን በእግራቸው ሲወጡ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ሙክቷን በልተው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ከበዳቸው።

«አንቺ የመልካ ሀርቡዋ አይደለሽም? አካም? ደኅና ነሽ?»

«ነገያ፣ ሰላም ነው፣ ጌታዬ። እኔ ግን ደኅና አይደለሁም።» አማርኛዋ ገበያ ላይ የለቀመችው ነው፤ አላፈረችበትም። «እናንተ መጣችሁ፣ እኛ ጠረግን። ለእናንተ ክብር ብለን ከብት ከለከልን። እናንተ ሄዳችሁ ከብት የለም አላችሁ።»

«ያየነውን ነው የጻፍነው፣ እመቤቴ።»

«አምና ትልቅ ሰው ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ በነጌሌ መንገድ አህያ አታልፍም ተባለ። ቅቤዬን የጫነች አህያ ከከተማ ውጭ ዋለች፤ ቅቤው ቀለጠ። ያ ትልቅ ሰው ነጌሌ አህያ የላትም ብሎ ጻፈ?»

ግራዝማች ሳያስቡት ሳቃቸው አመለጣቸው። ያን ትእዛዝ ያወጡት እሳቸው ነበሩ። ቶሎ ብለው ፊታቸውን አኮሳተሩና «ውሳኔው ግን አልቋል» አሉ።

«አላለቀም። ገዥው አልፈረመም። ኑ። ቀኑን ግን አትንገሩን። እንደ እንግዳ አትምጡ፤ እንደ ሌባ ኑ።»

እመጣለሁ አላሉም፤ አልመጣምም አላሉም።

ጉያቱ ተመልሳ ሰፈሩን ሁሉ አስማለች። መኪና ቢመጣ የሚነሳ የለም፣ የሚጠርግ የለም፣ ከብት የሚመልስ የለም። ዳዳቻ ከንፈራቸውን መጠጡ። በጋው እየጠና ሄደ፤ ከሩቅ ያሉ ኩሬዎች ደረቁና ሰዉ ሁሉ ወደ ዳዋ ፈለሰ። መኪናው ግን ቀረ። ጉያቱ እንቅልፍ አጣች፤ ከመኪናው በፊት ሽቦው የሚደርስ እየመሰላት ትባንናለች።

አንድ ቀትር ላይ፣ መልካው በከብት ተጨናንቆ ሳለ፣ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ግራዝማች ተክሉና ሻምበል ቢረሳው ነበሩ። መሐላው ሁሉ ከሰው ልብ በአንዴ ጠፋ! እረኞቹ «እንግዳ! እንግዳ!» እያሉ ሎኑን፣ ያን ሁሉ ከብት፣ ከውሃው እየደበደቡ ወደ ኋላ ይመልሱ ጀመር። ዳዳቻ ራሳቸው ዱላቸውን አንስተው ከፊት ተሰለፉ።

«ላኪ! ተዉ! አትመልሱ!» ጉያቱ እየጮኸች ሮጠች። ሽማግሌው ላይ ደርሳ ዱላቸውን ከእጃቸው ነጠቀች። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም፤ ሰዉ በድንጋጤ ባለበት ቆመ። ሰዉ ሲቆም ከብቱ እንደገና ወደ ውሃው ጎረፈ፤ መኪናውንም ከቦ መሄጃ አሳጣው።

ሻምበሉ ወርደው አቧራው ውስጥ ቆመው ከብቱን አዩ። «እኔ የጠየቅሁት ባዶ መሬት ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ግራዝማች ግን የማስታረቅ ልማድ ነበራቸው። «ሁለታችሁንም እናስማማ» አሉ። «ሻምበሉ ሰፊውን በአጥር ይያዙ፤ ለከብት አንድ መተላለፊያ ይተዉ። የቅርቡ ሰፈር ይጠጣ፤ የሩቁ ሌላ ቦታ ይፈልግ።»

ዳዳቻ እንግዳ ማስከፋት አይሆንላቸውምና ሊስማሙ ራሳቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። ጉያቱ ግን ወረፋው ደርሷት ከብቷን ወደ ውሃው እያስጠጋች ነበር። መንጋውን የምትመራዋን ላም ከአፋፉ ላይ በቀንዷ ያዘቻት።

«የሚመለሰው ማን ነው?» አለች። «እዚህ መልካ ላይ ሰው ተመልሶ አያውቅም፤ አመላለሱን አናውቅበትም። አንቱ ያሳዩን። ወረፋው ይኸው። አንዱን ይጥሩና ሂድ ይበሉት። ከኔ ይጀምሩ።»

ላሟ ውሃውን አይታ ትታገላለች፤ ጎኗ ከጥም ገብቷል። ጉያቱ እግሯን ጭቃው ውስጥ ተክላ ያዘች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ አትለቅም። የገዛ ላሟን ውሃ አፍ ላይ መከልከል ምን ያህል እንደሚያም የሚያውቅ ያውቃል። ከኋላዋ ከሩቅ የመጡት ሰዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ግራዝማች ወረፋውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። እጃቸውን አነሱ። ማንን እንደሚጠሩ ግን አጡ።

«ይበሉ እንጂ!» ብላ ጮኸች።

«ልቀቂያት» አሉ ግራዝማች። «ልቀቂያት በፈጠረሽ፤ ትጠጣ። ሁሉም ይጠጣ። አጥር የለም።»

ሻምበሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ጉያቱ እጇን ለቀቀች። ላሟ እስከ ደረቷ ዘልቃ ገባች፤ ከኋላ ያሉትም ተከተሏት። የማንም እንግዳ ክብር በዚያች ሰዓት ትዝ አላላትም። ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።