የወንድሜ የሕይወት ታሪክ ሁለት ጊዜ ተነበበ

ሥራ የጀመርኩት ወገዳ ከተማ ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለች አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም ነበር። ታላቅ ወንድሜ አዳነ ራፖር ጸሐፊ ነበር፤ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ባለጉዳይ ሲመጣ ማመልከቻ ይጽፋል፤ ባለጉዳይ ሲጠፋ ልብ ወለዱን። ለሁለቱም ያው ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው።

የመጀመሪያዋ ባለጉዳዬ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ጎረቤታቸው ድንበር ገፍቶ መሬታቸውን አርሶባቸዋል። እኔም «እጅግ ልብ በሚሰብርና አንጀት በሚበላ ሁኔታ» ብዬ ጀመርኩ። ኮርቼበት ነበር። አዳነ ወረቀቱን አነሣው።

«እማማ እንዲህ አሉህ?»

«አላሉም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ማን አለ? አንጀትህ?»

ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «እስቲ ለእኔ ይንገሩኝ፣ እማማ።»

«ምን እነግርሃለሁ ልጄ። ያላረሰው የባሌን መቃብር ብቻ ነው። እሱንም ቤተ ክርስቲያን ሆኖበት ነው።»

ይህንኑ እንዳለ ጻፈው። የእኔን ወረቀት አጣጥፎ ከወንበሩ እግር ሥር አደረገው። ወንበሩ ያነክስ ነበር።

ልብ ወለዱን አንድ ጊዜ ጽሑፍ አዋቂ ነኝ ለሚል የከተማ ሰው አሳይቶታል። ሰውየው አስተያየቱን ቆሞ ነው የሰጠው። «ገበሬዎችህ ይጨቃጨቃሉ እንጂ አያልሙም። ፀሐይ ስትጠልቅ እንኳ አላየሁም።»

«ፀሐይ ስትጠልቅ ገበሬ በሬ ይፈታል» አለ አዳነ። «ቆሞ አያያትም።»

እኔ ዛሬ ሁለት ልብ ወለድ ጽፌአለሁ። የሙያ ጓደኞቼ ግን አሁንም ገበሬውን ኮረብታ ላይ አቁመው ፀሐይ ያሳዩታል። ሞፈሩን የት እንዳኖረ የሚጠይቅ የለም። ይህን ጽፈው ደግሞ ይሸለማሉ።

አዳነ በሦስት ቀን ሕመም ሞተ። ሠላሳ አልሞላውም። ስለ ሞቱ... ብዙ መጻፍ አልችልም።

ቀብሩ ጋይንት፣ በተወለድንበት አጥቢያ ነበር። አጎታችን ወረቀት አቀበሉኝ። «የሕይወት ታሪኩን አንተ ጻፍ። አደራ፣ ደንበኛውን!» ደንበኛው ለሟች ሁሉ የሚነበበው ነው። ቶሎ ጨረስኩት፤ በቃሌ ነው የማውቀው። «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ከሁሉ ጋር ተግባቢ...» ተግባቢ! የአጥቢያውን ግማሽ ያኮረፈው አዳነ!

ቀብሩ ላይ ሳነበው ሰው አለቀሰ። እናቴ ግን መሬት መሬት ታይ ነበር። ለቀስተኛው ሲበተን ጎረቤታችን አያ ሙጬ ጠጋ አሉኝ።

«ጥሩ አነበብክ ልጄ። የማን ነው?»

«የአዳነ ነዋ፣ አያ።»

«አይ። ይህንን ባለፈው ለዚያ በግ ሌባ አንብበውለታል።»

ወንድሜን በሌባ ታሪክ ቀበርኩት። ያውም እሱ ራሱ አስተምሮኝ። ከሁሉ የናቅሁት ራሴን ነው።

እስከ አርባው ድረስ ሰው ስጠይቅ ከረምኩ። አዳነ ምን አለ? እንዴት አለው? በተዝካሩ ዳስ ውስጥ ማንንም ሳላስፈቅድ ቆምኩና አዲሱን አነበብኩ።

«አዳነ ግልፍተኛ ነበር። የተዋሰውን መጽሐፍ ስሕተቱን በእርሳስ አርሞ ነው የሚመልሰው። የፊት ጥርሱ ስለተሰበረ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። የልብ ወለዱን መጨረሻ አምስት ጊዜ ጽፎ አምስቱንም ጠልቷቸዋል። በክረምት መጥቶ ሲያርስ ትልሙ ይጣመምበታል፤ በሬውን ይሰድባል።»

አጎቴ ተነሡ። «ሙት ይወቀሳል? ቁጭ በል፣ አንተ ባለጌ!»

አልተቀመጥኩም። ከዚያ እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተናገረች።

«በሬውንማ፣ ‹አንተ ቀጥ ብለህ ብትሄድ እኔ መች እጣመም ነበር› ይለው ነበር።»

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶው መጣባት፤ አያ ሙጬም ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ። አጎቴ ወጥተው ሄዱ። እስከ ዛሬ አላነጋገሩኝም።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው አንድ ነገር ነው። የጻፋችሁትን ሰው፣ ስሙን በጣታችሁ ሸፍናችሁ አንብቡት። ለሌላ ሰውም የሚሆን ከሆነ ቅደዱት።